ወንዙን በቀደደው የምታውቀው ሴት

በስሟ የሚጠራት ሰው የለም፤ ሰፈሩ በሙሉ ጥብቅ ነው የሚላት። ይህን ስም ያወጣላት የገዛ አፏ ነው። ሱሪ ሊያስጠብብ፣ ዚፕ ሊያስቀይር፣ የተቀደደ ሻንጣ ሊያስጠግን የመጣ ሰው «ይይዛል ግን?» ብሎ ሲጠይቃት፣ ከመነጽሯ በላይ ታየውና «ጥብቅ ነው» ትለዋለች። በቃ፣ ሌላ ቃል የለም። ከሠላሳ ዓመት በላይ በዚያችው መስኮት ሥር፣ በእግር በሚረገጥ የስፌት መኪና ፊት ተቀምጣ እንዲህ ስትል ኖራለች። ደግሞ እውነቷን ነው። የሷ ስፌት ተፈትቶ የተመለሰበት ቀን የለም፤ ጨርቁ ያልቃል እንጂ ስፌቱ ንቅንቅ አይልም።

ባል አላገባችም፣ ልጅም አልወለደችም፤ ልጅ ግን አሳድጋለች። እናታቸው ስትሞት እሷ አሥራ ዘጠኝ፣ ታናሽ ወንድሟ አምስት ዓመቱ ነበር። አባት የሚባለው ሰውዬ ቀድሞ ውልቅ ብሎ ሄዷል፤ እሱን እንተወው። ያቺ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ በመርፌዋ ወንድሟን አበላች፣ አለበሰች፣ አስተማረች። ልጁ አድጎ ምን ሠራ ቢባል፣ ሰው እየመራ ጫካ መግባት። ሁለት ቀን በእግር፣ ሦስት ቀን ደግሞ በአየር በሚነፋ ጀልባ ወንዝ ላይ እየቀዘፉ መውረድ ነው ሥራው።

እናም ሃያ ዓመት ሙሉ ከእያንዳንዱ ጉዞ ሲመለስ የተጎዳውን ዕቃ ሁሉ አምጥቶ እሷ ወለል ላይ ይዘረግፈዋል። የተቀደደ ድንኳን፣ ማንገቻው የተበጠሰ ቦርሳ፣ የጀልባ ሸራ። «እትዬ፣ እስከ ሐሙስ ይደርሳል?» ይላታል። ይደርሳል። ዕቃውን ወስዶ ሊሄድ ሲል ደግሞ በሩ ላይ ጠብቃ ግራጫውን ሹራብ፣ ሁለት ጥንድ ካልሲና የጉልበቱን ቅባት ታስይዘዋለች፤ ካላስያዘችው ይረሳዋል። ስምንት ሰው እየመራ ጫካ የሚገባ ጎልማሳ የገዛ ሹራቡን ይረሳል፤ እንግዲህ ምን ይባላል።

ጥብቅ ወንዙን አይታው አታውቅም፣ ግን ታውቀዋለች። የጀልባው ሆድ ተፍቆ ከመጣ፣ ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ያለው ጠጠር ነው፤ ውሃው ጎድሎ ነበር ማለት ነው። የድንኳኑ ጥግ ተበጥሶ ከመጣ፣ ገደሉ አፍ ላይ ነፋስ ነበር። በየዓመቱ ደግሞ፣ አንድ ዓመት ሳይዘል፣ በጀልባው ግራ ጎን፣ ውሃው ከሚደርስበት መስመር አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ፣ ክንድ የሚያህል ቅዳድ ይመጣል። እሱ ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ነው። ወንድሟና ጓደኞቹ ጎረምሳው ይሉታል፤ አላፊ አግዳሚውን ሁሉ ስለሚነካ። ያን ቅዳድ ስትጥፍ ጥብቅ «አንድ ቀን ዓይንህን ባየሁት» ትለዋለች፣ መርፌውን ጠበቅ አድርጋ እየወጋች።

«ዘንድሮ እኔም ልሂድ?» ትላለች በየዓመቱ። «ለከርሞ፣ እትዬ» ይላታል በየዓመቱ። ልብ በሉልኝ፣ አይከለክላትም። ቢከለክላት ይሻል ነበር። ሰው እንቢ ካሉት ይጣላል፤ ለከርሞ ካሉት ግን ምን ብሎ ይጣላል?

በዚህ ዓመት፣ ሃምሳ አራት ዓመት በሞላት በወሩ፣ ወንድሟ እንደ ልማዱ ዕቃውን ዘረገፈና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ወንበር ስቦ መቀመጡ ልማዱ አልነበረም።

«እትዬ፣ ይኼ የሚመጣው ጉዞ የመጨረሻዬ ነው» አለ። «ጉልበቴ እንቢ ብሏል፤ ቢሮ ልገባ ነው። ድርጅቱም ይህን ወንዝ ሊተወው ነው።»

ጥብቅ እግሯን ከመኪናዋ ላይ አነሳች። «ለከርሞስ?»

«ለከርሞ የለም።»

ወለሉ ላይ የተከመረውን ሸራ አየችው። «ስንት ሰው ነው የምትይዘው?»

«ስምንት ነበሩ፤ አንዷ ትናንት ቀርቻለሁ አለች። ሰባት ሆኑ።»

«ስምንት ናቸው» አለች ጥብቅ። «ስምንተኛዋ እኔ ነኝ።»

ሳቀ። ክፋት የለውም ሳቁ፤ ግን እሷ እንደማትስቅ ሲያይ አፉ ላይ ቀረ። ተነሳ፣ ተቀመጠ፣ ጉልበቱን አሸ፣ እንደገና ተነሳ። ሃያ ዓመት ለከርሞ ሲል የኖረ ሰው ከርሞ ሲያልቅበት እንዲህ ነው የሚሆነው።

«እሺ» አለ በመጨረሻ። «ግን እንደማንኛውም ሰው ነው። የዛሬ ሁለት ሳምንት፣ ሐሙስ ጠዋት፣ መጋዘኑ ጋ ፍተሻ አለ። ቦርሳሽ ከነልብሱ ከነምናምኑ ከአሥር ኪሎ መብለጥ የለበትም። ፏፏቴው ጋ ስንደርስ ጀልባውን ተሸክመን ግማሽ ቀን በእግር ነው የምንሄደው፤ የሌላ ሰው ዕቃ የሚይዝ ትርፍ ጀርባ የለም። ቦርሳሽን አዝለሽ የመጋዘኑን ደረጃ እስከ ሦስተኛ ፎቅ ሁለቴ ሳታርፊ ትወጫለሽ። ጥጥ የሚባል ልብስ አይገባም። ያላለፈ ይቀራል፤ ዝምድና አይሠራም።»

«ማን ዝምድና ጠየቀህ?» አለችና መኪናዋን ረገጠች።

እንደማታልፍ እርግጠኛ ነበር። ይህን ያወቀችው ከአወጣጡ ነው፤ እያፏጨ ነበር ደረጃውን የወረደው። ያ ፉጨት አንጀቷን አሳረራት።

መጀመሪያ የተጣላችው ከጥጡ ነገር ጋር ነው። ጥብቅ ለደንበኛ ሁሉ ሠላሳ ዓመት የተናገረችው አንድ ነገር አለ፤ ልብስ ማለት ጥጥ ነው፣ ሌላው ፌስታል ነው። ታዲያ የማንንም ምክር ሳትሰማ ወፍራም የጥጥ ጨርቅ ዘርግታ ጃኬትና ሱሪ ሰፋች። ስምንት ኪስ፣ ጉልበቱ ላይ ድርብ፣ ብብቱ ላይ ማናፈሻ። እኔ ብሆን በዚያ ልብስ ሠርግ እሄድ ነበር።

«ያምራል» አለች ሲስተር። ሲስተር የላይኛው ፎቅ ጎረቤቷ ናት፤ አዋላጅ ነርስ ነበረች፤ ጡረታ ከወጣች ወዲህ የምታዋልደው ሰው ስላጣች የጥብቅን ጉዞ ይዛለች። «ግን ልጁ ጥጥ አይገባም አላለሽም?»

«ልጁ ስለ ጨርቅ ምን ያውቃል?»

«ስለ ውሃ ያውቃላ።»

ይህቺ ቃል ገባቻት። በማግስቱ ጠዋት የጥጡን ጃኬት፣ ከሱም ጋር አንድ ደንበኛ ጥሎት የቀረ ተራ የናይለን ጃኬት፣ ሁለቱን በአንድ ገንዳ ነከረች። ጨምቃ በረንዳው ላይ ሰቀለቻቸውና ሥራዋን ቀጠለች። በየሰዓቱ እየወጣች ትዳስሳለች። ናይለኑ ከምሳ በፊት ደረቀ። ጥጡ አሥር ሰዓት ላይ እጅጌው ገና ይንጠባጠባል። ይህም አልበቃት፤ ያን ርጥብ ጃኬት ለብሳ ነፋሱ ፊት ቆመች። ሲስተር ከላይኛው በረንዳ አንገቷን ስታሰግግ የጥብቅ ጥርስ ይንገጫገጭ ነበር።

«አብደሻል እንዴ?»

«እየፈተንኩ ነው።»

«ምኑን? ሳንባሽን?»

ጥብቅ ገብታ ጃኬቱን አወለቀች፣ ሲደርቅም አጥፋ ሣጥን ውስጥ ከተተችው። ሠላሳ ዓመት ያመኑበትን ነገር እንዲህ አጥፎ ማስቀመጥ ቀላል የሚመስለው ካለ፣ ይሞክረው። ከፋት፤ በእውነት ከፋት። ከዚያ አፍንጫዋን ተናፍጣ መቀሷን አነሳች። ከመኪናዋ ሥር በጆንያ የታጨቁ፣ ከጥገና ያለፉ የወንድሟ ድንኳኖች አሉ። ከነሱ ላይ ደህና ደህናውን ቆርጣ አንድ እግሩ አረንጓዴ፣ አንድ እግሩ ብርቱካንማ የሆነ ሱሪ ሰፋች፤ ጨርቅ ስላልበቃት እንጂ ለጌጥ ብላ አይደለም። ነክራ ሰቀለችው፤ የአንድ ደንበኛ ሱሪ አሳጥራ ሳትጨርስ ደርቆ ጠበቃት።

ቀጥሎ ክብደቱ መጣ። የወጥ ቤት ሚዛን አምስት ኪሎ ላይ ያልቅበታል። ሲስተር ከሥራ ዘመኗ የቀራትን የሕፃናት ሚዛን አወረደች፤ መንጠቆ ያለው፣ ከላይ የሚንጠለጠል። የሱቁ በር ላይኛው እንጨት ላይ ሰቀሉትና ቦርሳውን አንጠለጠሉበት።

«አሥራ አራት ኪሎ» ብላ አነበበች ሲስተር። «አንቺ፣ እንዲህ ያለ አዋልጄ አላውቅም።»

አራት ኪሎ ከየት ይቀነሳል? መጀመሪያ ከቦርሳው ከራሱ። ቦርሳው ከጀልባ ሸራ የተሰፋ፣ በመጥረቢያ እንኳ የማይበገር ነበር፤ ባዶውን ሁለት ኪሎ ተኩል ይመዝናል። ጥብቅ በአንድ ከሰዓት ስፌቱን ፈታችው። ስትፈታ ራሷን ነው የረገመችው፤ ጥብቅ አድርጎ የሰፋ ሰው ሲፈታ ያየዋል። በቦታው ከቀጭን ናይለን አንድ ኪሎ የማይሞላ ቦርሳ ሰፋች። ፎጣዋን አራት ቦታ ቆርጣ ሩቡን ያዘች። ከሳሙናው ግማሹ፣ ከማበጠሪያው ግማሹ። ሁለተኛው ቡትስ ወጣ፣ ሸበጥ ገባ። ሲስተር መድኃኒት በጠርሙስ በጠርሙስ ይዛ ወርዳ ስለ እያንዳንዱ ተከራከሩ።

«ጠርሙሱን ተይው፤ ክኒኑን ስጪኝ።»

«ጽሑፉ ከሌለ በምን ትለዪዋለሽ?»

«በምሬቱ።»

ሲስተር ሳትወድ ሳቀችና እያንዳንዱን በትንንሽ ወረቀት ጠቅልላ ጻፈችበት። የቀረው ቦታውን ያዘ፤ ቀጭን የመኝታ ከረጢት፣ የሱፍ ሹራብ፣ ሦስት ጥንድ የሱፍ ካልሲ፣ የግንባር ባትሪ፣ ክብሪት በፕላስቲክ ዕቃ። ሁሉም ውሃ በማያስገባ ከረጢት ተጠቀለለ። የዝናብ ልብሱ ከሁሉም በላይ ተቀመጠ፤ ዝናብ ቦርሳሽን ፈትሸሽ እስክትጨርሺ አይጠብቅም ብላለች ሲስተር። አንድ ነገር ብቻ አላስነካም አለች፤ የጥገና ቆርቆሮዋን። ሁለት ቆልማማ መርፌ፣ ሰም የተቀባ ክር፣ ወስፌ፣ መጣፊያና ማጣበቂያ።

«ለሽርሽር ነው የምትሄጂው ለሥራ?» አለች ሲስተር።

«ቢቀደድስ?»

ደረጃው ደግሞ ነበረ። በየቀኑ ጠዋትና ከምሳ በኋላ ቦርሳው ውስጥ የጨርቅ ጥቅል አጭቃ የሕንፃውን ደረጃ ትወጣለች። በመጀመሪያው ቀን ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቁጭ አለች። «ጥብቅ፣ ቤት ልትቀይሪ ነው እንዴ?» አሏት ጎረቤቶች። መልስ የምትሰጥበት ትንፋሽ አልነበራትም። በሳምንቱ አንዴ ወጣች። በሁለተኛው ማክሰኞ ሁለቴ ሳታርፍ ወጣችና፣ ወርዳ ሦስተኛ ጨመረች። ሦስተኛው ለፉጨቱ ነው።

ረቡዕ ከሰዓት ቦርሳው ተንጠለጠለ። ዘጠኝ ኪሎ ከስምንት መቶ።

«ጤነኛ ነው» አለች ሲስተር፣ መነጽሯን አውልቃ። «ይውጣ።»

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጥብቅ ባለሁለት ቀለም ሱሪዋን ለብሳ መጋዘኑ ደረሰች። ቤቱ ጎማና ርጥብ ገመድ ይሸታል። ሰባቱ ተጓዦች ቦርሳቸውን ግድግዳው ሥር ደርድረዋል፤ ሁሉም አልፈዋል። አንድ ረጅም መምህር ሱሪዋን አይቶ ከንፈሩን ነከሰ። ወንድሟ ወረቀቱን ይዞ ቆሟል፤ ዓይኗን ማየት የከበደው ይመስላል።

«ከደረጃው እንጀምር» አለ።

ወጣች። ወረደች። ሁለተኛውን ዙር ስትወጣ ጥርሷን ነክሳ ደረጃዎቹን እንደ ስፌት መቁጠር ጀመረች፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አትቁሚ። ስትወርድ ላቧ በግንባሯ ይወርዳል፤ ወንድሟ ከልቡ ተገርሞ ወረቀቱ ላይ ምልክት አደረገ። ከዚያ ቦርሳዋን ተቀብሎ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠው።

አሥር ኪሎ ከስምንት መቶ።

ቁጥሩን ሁሉም አዩት። ወንድሟ አንስቶ እንደገና አስቀመጠው፤ አሥር ከስምንት መቶ። የሲስተር ሚዛን አይዋሽም፤ ስንቱ ልጅ በሱ አድጓል። ታዲያ አንድ ኪሎ ከየት መጣ?

«እትዬ» አለ ወንድሟ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለከር...» አለና ቃሉ አፉ ውስጥ ቀረ። ከርሞ እንደሌለ እሱም ያውቃል።

«ቆይ» አለች። ወለሉ ላይ ተንበርክካ ቦርሳውን ፈታች። የዝናብ ልብሱን አወጣች። ከሥሩ ግራጫ ሹራብ ነበር። የሷ ሹራብ ቡኒ ነው። አወጣችው፤ እሷን ሁለቴ የሚጠቀልል ሰፊ ሹራብ ነው። ከሱ ሥር ሁለት ጥንድ ትልልቅ ካልሲ። ከካልሲው ሥር የጉልበት ቅባት።

እዚያው ተንበርክካ ቀረች። ጠዋት ሐሳቧ ሁሉ ደረጃው ላይ ሳለ፣ እጇ ሃያ ዓመት የለመደውን ሠርቶ ነበር። ሐሙስ ነው፣ ልጁ ሊሄድ ነው፣ ሹራቡን ይረሳል። እሷ ምንም አታስታውስም፤ እጇ ግን አልረሳም። የገዛ እጇ ሊያስቀራት ነበር።

ወንድሟ ሹራቡን አውቆታል። ፊቱ ተለዋወጠ። ጎንበስ ብሎ እሷ ብቻ በምትሰማው ድምፅ «ተይው እትዬ፤ እንዳለ መልሽው። አይቼ እንዳላየሁ እሆናለሁ» አላት።

ደግ ነው ይህ ልጅ፤ ማን አሳደገውና። ጥብቅ ግን ቀና ብላ አየችው፤ በምሕረት ገብታ የአምስት ቀን መንገድ የሰው ፊት ልታይ አልመጣችም።

«ዝምድና አይሠራም ብለሃል» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርጋ። ተነስታ ሹራቡን፣ ካልሲውንና ቅባቱን ደረቱ ላይ አደረገችለት። «ይኼ የኔ አይደለም። ያንተን አንተ ተሸከም።»

ቦርሳውን አሥራ ራሷ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠችው። ዘጠኝ ኪሎ ከስምንት መቶ። መምህሩ ማጨብጨብ ጀመረና ሌሎቹ ተከተሉት።

«አሁን የመሪያችን ቦርሳ ይመዘን» አለ መምህሩ።

«የኔ ትናንት ተመዝኗል» አለ ወንድሟ።

«ሹራብ ነበረበት?» አለች ጥብቅ።

አልነበረበትም፤ ምን ያድርግ፣ በዚህ ጉዞ በር ላይ ቆሞ የሚያስይዘው ሰው አልነበረም። ሹራቡን፣ ካልሲውንና ቅባቱን ሲጨምርበት አሥር ኪሎ ከአራት መቶ መጣ። አገላብጦ የሚቀነስ አጣ፤ በመጨረሻ ወንዝ ዳር የሚቀመጥባትን ታጣፊ በርጩማ አወጣ።

«ጉልበቴ እኮ...» አለ በርጩማዋን እያየ።

«ቅባት ይዘሃል» አለች እህቱ።

በጉዞው አራተኛ ቀን ከቀትር በፊት ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ደረሱ። ላይኛው አገር ዘንቦ ውሃው ሞልቷል፤ ወንዙ ከዳር እስከ ዳር ለጥ ብሎ ምንም የሚታይ ነገር የለበትም። ወንድሟ ግራጫ ሹራቡን ለብሶ ከኋላ ይቀዝፋል። ጥብቅ ከፊት ናት፤ ዓይኗ ከግራው ዳር አልተነቀለም። ጠጠሩን አልፈዋል፣ መታጠፊያው ጀምሯል፤ ከውሃው አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ፣ በግራ ጎን፣ እዚህ ነው።

«ወደ ቀኝ» አለች።

«ገና ነው፣ እትዬ። ድንጋዩ ራቅ...»

«ወደ ቀኝ አልኩህ። አሁን።»

ከልጅነቱ ጀምሮ በዚያ ድምፅ ሲታዘዝ ኖሯል፤ ሳያስብ መቅዘፊያውን ሰካው። ጀልባው ዞረ። በግራ ጎኗ፣ እጅ ቢዘረጋ በሚደረስበት፣ አንድ ጥቁር ጀርባ ከውሃው ሥር ሽው ብሎ አለፈ። ጥብቅ እጇን ውሃ ውስጥ ከታ ጫፉን ዳሰሰችው። ቀዝቃዛና ሻካራ ነው።

«አንተ ነህ ለካ» አለችው። «ዛሬ ብትቀድ ቤት ሆኖ የሚሰፋልህ የለም፤ ሰፊዋ እዚህ ናት።» ከዚያ መቅዘፊያዋን አነሳችና ቀጠለች።